የሙሄዲን ምላስ

ደስ ይበላችሁ፤ ዘበኝነቱ ቀረ! ወንበሩ ቀረ፣ ጃንጥላው ቀረ፣ «ማን ልበል?» እያሉ በር ላይ መዋል ቀረ! ዛሬ መርሳ ከተማ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ደስ ያለው ሰው ካለ አንድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሥራ ላይ ስለሆነ ደስታውን የማወራለት እኔ ነኝ።

የማን ዘበኝነት አትሉም? ልተንፍስና ልንገራችሁ።

የሙሄዲን ነው። ሙሄዲንን ባታውቁት እንኳ፣ መርሳ ላይ ከአውቶቡስ ወርዳችሁ ትኩስ ዳቦ በሻይ ከበላችሁ ዳቦው የበሰለው እሱ ባዘጋጀው እንጨት ነው። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ዓመት መጥረቢያ ይዞ ነው ያሳለፈው። እኔ ይታገሱ የምባለው ፎቶ ኮፒ ቤቴን ከከፈትኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሲሆን የእሱ ግቢ ከጀርባዬ ነው። ማሽኔ ወረቀት በተፋች ቁጥር ከኋላ «ጧ!» የሚል ድምፅ ይከተላታል። መብራት ሲጠፋ የእኔዋ ዝም ትላለች፤ የእሱ ግን ይቀጥላል። ሠፈሩ መብራት መጥፋቱን የሚያውቀው ከሁለታችን የቀረው ድምፅ የማን እንደሆነ በመስማት ነበር።

ሙሄዲን ወሬ አያበዛም። በቀን የሚናገረውን ሁሉ ሰብስቤ ብጽፈው አንድ ገጽ አይሞላልኝም፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው «ልኩ ስንት ነው?» የሚል ነው። የሰውን ምድጃ ሁሉ ልክ ያውቃል። ለሻይ ሻጯ ለሲቲ ጣት የሚያክል እንጨት፣ ለምግብ ቤቱ ወፈር ያለ፣ ለእትዬ አለሚቱ ዳቦ ቤት ደግሞ ርዝመቱ አንድ ክንድ። ክንድ ሲባል የሙሄዲን ክንድ ነው፤ ከክርኑ እስከ መሀል ጣቱ ጫፍ። እትዬ አለሚቱ ምድጃቸውን ሲያሠሩ ግንበኛው ሜትር ረስቶ መጥቶ «ክንድህን አውሰኝ» ብሎ በእሱ ለክቶ ገነባው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ምድጃው ግን የእሱን እንጨት ሲውጥ አንድም ቀን አንቆት አያውቅም።

አምና ጾም ሊገባ ሲል ቀኝ ትከሻው አስቸገረው። መጥረቢያው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ለመውረድ ማመንታት ጀመረ። በጤና ጣቢያው «ከባድ አታንሣ» አሉት። ከባድ ካላነሣ ምን ያነሣል? መፍለጡስ ይቻል ነበር፤ በሽብልቅም ቢሆን ይሆናል። ትከሻውን የጨረሰው መጎመዱ ነው። የተጋደመ ግንድ አግድም እየቀነጠቡ፣ እየቀነጠቡ ለሁለት ማድረግ።

እዚህ ላይ ነው ጋሽ ዓሪፍ የገቡት። ጋሽ ዓሪፍ የሙሄዲን ሚስት የከድጃ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ወልድያ ውስጥ ወፍጮ ቤት አላቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ደግነታቸውን ሰው እስኪሰማ ድረስ አለማቆማቸው ነው።

«ስማኝ ሙሄዲን» አሉት አንድ ቀን፣ እኔም ቁጭ ብዬ። «ሥራ አይደለም የማመጣልህ፣ ዕረፍት ነው። ዘበኛ አደርግሃለሁ። ወንበር አለ። ጃንጥላ አለ። ፊሽካ አለ። ሰው ሲመጣ ‹ማን ልበል?› ትላለህ፤ በቃ! እኔ ራሴ ጉዳይ ባይበዛብኝ እቀመጥበት ነበር።»

ሙሄዲን «ኢንሻአላህ» አለ። አንዳንድ ሰው ኢንሻአላህ ሲል «እመጣለሁ» ማለቱ ነው። የሙሄዲን ግን ድምፁ ውስጥ «ባይሆን» የሚል ነበረበት። ጋሽ ዓሪፍ የሰሙት ቃሉን ብቻ ነው። «በቃ ተስማማን! ከዛሬ ሳምንት ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ በራሴ መኪና መጥቼ እወስድሃለሁ» ብለው ተነሡ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሙሄዲን እኔን አየኝና በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገ፦ «ይታገሱ፣ እኔ የሰው በር ስጠብቅ፣ የሰውን ምድጃ ልክ ማን ያውቅለታል?»

 ሙሄዲን ለሶላትና ለምግብ ካልሆነ ተቀምጦ አይታወቅም። ያንን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ «ዕረፍት» ማለት፣ ዓሣን ከውኃ አውጥቶ ደረቅ ልብስ እንደማልበስ ነው።

እግዜር የሰጠው ደግሞ ልጅ አለችው። ኢብቲሳም ትባላለች፤ ኮምቦልቻ ነርስ ናት። የአባቷን ትከሻ ነገር እናቷ በስልክ ብትነግራት፣ ከአንድ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ያገለገለች የሞተር መጋዝ ገዝታ በአውቶቡስ ላከችለት። ትንሽ፣ ቀይ፣ ሲያነሷት እንደ ሕፃን በአንድ እጅ የምትያዝ።

መጋዟ ግን ሙሉ አልነበረችም። የሞተር መጋዝ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የሚጮኸው ሞተር፣ ሌላው ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሮጥበት ዝርግ ረጅም ብረት። ያንን ብረት ሠፈራችን «ምላስ» ይለዋል። የኢብቲሳም መጋዝ ምላሷ ተጣሞ ተጥሎ ኖሮ ያለ ምላስ መጣች። ሲቲ ይህን ስትሰማ ሻይ እየቀዳች «ውይ ከድጃ! ቤቷ ውስጥ ምላስ የሌለው ሁለት ሆነ!» አለች። ከድጃም ካለችበት ሆና «የእኔን ብናካፍላቸው ለሁለቱም ይተርፋል» ብላ መለሰችላት።

አሁን ወደ ዛፉ እንምጣ። በእትዬ አለሚቱ ግቢ አምና ክረምት ነፋስ ከነሥሩ ገንድሶ የጣለው ባሕር ዛፍ አለ። ዓመት ሙሉ ተጋድሞ ደርቋል። እትዬ አለሚቱ እሱ እስኪቆረጥላቸው እንጨት ከሩቅ እያስመጡ ተሰላችተዋል። ሰኞ ዕለት ሙሄዲንን አስጠሩት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። አልተጠራሁም።

«ወንድሜ» አሉት፣ «እስከ ሐሙስ እጠብቅሃለሁ። ከቆረጥክልኝ እኔ በሕይወት እስካለሁ የዚህ ምድጃ እንጨት ያንተ ነው። ካልሆነ ዓርብ የኤሌክትሪኩን ምድጃ አስገባለሁ። የኤሌክትሪክ ዳቦ እንደሆነ አልወድም፤ ፊቱ ነጭ ነው፣ የደነገጠ ሰው ይመስላል። ግን ምን ላድርግ?»

ይኸው ነገሩ ይህ ነው፦ ሐሙስ ዛፉ ከተቆረጠ ሙሄዲን ሙሄዲን ሆኖ ይቀራል። ካልተቆረጠ እትዬ አለሚቱ ወደ ኤሌክትሪክ፣ እሱ ወደ ወንበር።

ስለዚህ ለመጋዟ ምላስ መግዛት ነበረብን። ምላስ ለመግዛት ደግሞ የዛፉን ልክ ማወቅ። እኛ አገር ዛፍ የሚለካው በእቅፍ ነው፤ ገዢ ይመጣል፣ ዛፉን ያቅፋል፣ «አንድ እቅፍ ከስንዝር» ይላል፣ አለቀ። ሙሄዲን የተጋደመውን ዛፍ በደረቱ ተኝቶበት አቀፈው። የእጆቹ ጣቶች ከሥር ሊነካኩ ትንሽ ቀራቸው። ግን ይህ የኢንጂን ነገር ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል አልኩና፣ የአህያ መጫኛ ገመድ አስመጥቼ በዛፉ ዙሪያ ጠመጠምን። እሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን። በሚገናኙበት ላይ ቋጠሮ አሠርኩበት። ከድጃ ሰፌዷን እየሰፋች አጥሩ ጥግ ሆና ታየን ነበርና «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች።

«ይሄ የሞተር ነገር ነው ከድጃ፤ ተይን» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ልደብቀው ብፈልግም ሰምታኛለች።

ማክሰኞ ጠዋት ገመዱን በፌስታል ጠቅልለን ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ወልድያ ስንደርስ በባጃጅ ወደ መለዋወጫ ሱቆቹ ሄድን። ሞተሯን አልያዝናትም። ቤንዚን ትሸታለች ብሎ ረዳቱ ጣሪያ ላይ እንዳይጭናት ፈርተን ነው። ሰለሞን የሚባል ሱቅ ባለቤት ጋ ገባን። ገና ጎረምሳ ነው፤ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል።

«ለሞተር መጋዝ ምላስ ፈልገን ነበር» አልኩት።

«አለ። ስንት ቁጥር?»

ሙሄዲን ፌስታሉን ፈትቶ ገመዱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ገመዱ ባንኮኒውን ጨርሶ፣ ወደ ታች ወርዶ፣ የአንድ ደንበኛ ጫማ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? በሬ ሊያስሩ ነው?» አለ ሰለሞን።

«የዛፉ ልክ ነው» አለ ሙሄዲን።

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ገመዱ ተሰበሰበ። አንዱ «ዋርካ ነው እንዴ የምትቆርጡት?» አለ። ሌላው «ለእንዲህ ያለ ዛፍ ረጅም ምላስ ነው እንጂ» አለ። ሦስተኛው ሙሄዲንን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ሰውየው ራሱ ምላስ ያለው አይመስልም» አለ። ሙሄዲን ዝም አለ። ዝም ማለቱም ለሰውየው ማስረጃ ሆነለት።

«ሞተሩስ ምን ዓይነት ነው?» አለ ሰለሞን።

ሙሄዲን አሰበ። «ቀይ።»

«ቀይማ ሁሉም ቀይ ነው ጋሼ! ትልቅ ነው ትንሽ?»

«ደህና ትጮኻለች» አልኩ እኔ፣ ለማገዝ ብዬ።

ሰለሞን ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ግድግዳው ላይ አቧራ የጠጣች፣ ዘጠና ሳንቲ ሜትር የምትሆን ምላስ ተሰቅላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ፎቶ ይነሣባታል እንጂ የገዛት የለም። «ይቺ ናት ትልቋ» አለ፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ እያወረዳት። «ገመዳችሁን እንኳ አትደርስም፤ ግን በወልድያ ከዚህ የሚረዝም ምላስ ካገኛችሁ እኔ ሱቄን እዘጋለሁ።» ሰንሰለቷን ጨምሮ በጆንያ ጠቀለለልን። «ካልሆነቻችሁ እስከ ሐሙስ መልሱልኝ» አለ። የሚመለስ አልመሰለውም። እኛም አልመሰለንም። ሚኒባስ ውስጥ ያቺን ምላስ ጭናችን ላይ አጋድመን ስንመለስ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በአክብሮት ጉልበቱን ይሰበስብልን ነበር። ወረዳችን ሐብሩን እንደዚያ ኮርቼ አይቼው አላውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በእትዬ አለሚቱ ግቢ ግማሽ መርሳ ተሰበሰበ። ጋሽ ዓሪፍም ለገበያ መጥተው ነበርና ግርግሩን ሰምተው ገቡ። ሙሄዲን ምላሷን ሞተሯ ላይ ገጠመ፤ እንደ ምንም ገባች። ትንሿ ቀይ ሞተር ከፊቷ ያንን ሁሉ ብረት ተሸክማ ስትታይ፣ የግመል አንገት የተሰጣት ድመት ትመስል ነበር። «ቢስሚላህ» ብሎ የማስነሻ ገመዷን ሳበ። ተነሣች! ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰንሰለቷ እየተጎተተች፣ እያቃሰተች ዞረች። ከዚያ ሙሄዲን ምላሷን ዛፉ ላይ አሳረፋት።

መጀመሪያ ያስደነገጠን፣ ምላሷ ዛፉን አልፋ በወዲያኛው በኩል ክንድ የሚያህል መውጣቷ ነው። ወዲያው በጫፏ ድንጋይ ላሰች፤ ብልጭታ ረጨች። ሞተሯ «እህህህ» አለችና ጸጥ።

እንደገና ሳበ። ተነሣች፣ እንጨቱን ነካች፣ ጸጥ። ለሦስተኛ ጊዜ። ጸጥ።

«ዛፉ ጠበበ እኮ!» አለ አንዱ። «ሰኞ አንድ እቅፍ አልነበር?»

«ደርቆ ከስቶ ነው» አለ ሌላው።

«ዛፉ አይደለም፤ ሞተሯ ናት። ያገለገለች እቃ እንዲሁ ነች፤ ልጅቷን አታለዋት ነው» ተባለ። በዚህ ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ፤ ሌላ ጥፋተኛ ከተገኘ ደስ ይላላ።

ጋሽ ዓሪፍ በሕዝቡ መሀል ሰንጥቀው መጡ። ከኪሳቸው የልብስ ሰፊ ሜትር አወጡ። ለካ ይዘውት ነው የመጡት። «በል ወንድሜ፣ ሞከርክ፤ አላህ ያየው ነው። ቁም እስቲ፤ የዘበኛውን ልብስ ነገ አሰፋልሃለሁ» ብለው፣ እዚያው፣ በእትዬ አለሚቱ ግቢ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሜትሩን በሙሄዲን ወገብ ዙሪያ አዞሩት።

«ዘጠና!» ብለው ጮኹ፣ ለእኔ። «ጻፍልኝ ይታገሱ፤ ወገብ ዘጠና!»

ጻፍኩ። ሙሄዲን መጋዟን ይዞ፣ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ፣ እንደ ተማረከ ሰው ቆሞ ነበር። ዓይኔን ከእሱ ላይ አነሣሁ፤ ሳነሣ ከድጃን አየኋት። ከሴቶቹ መሀል ሰፌዷን ይዛ ቆማለች፤ ከንፈሯ «ዘጠና… ዘጠና…» ይላል።

እነሱ ቤት ገባን። ሙሄዲን ገመዱን ችንካሩ ላይ ሰቀለ። መጥረቢያውን አወረደና ስለቱን በዘይት ጨርቅ ወልውሎ በጆንያ ጠቀለለው፤ ሩቅ መንገድ እንደሚሄድ እንግዳ። «ዓርብ እሄዳለሁ» አለ።

ከድጃ አልሰማችውም። «የኢብቲሳም አባት» አለች፣ «ወገብህ ስንት መጣ?»

«ዘጠና።»

«ያቺ ከወልድያ ያመጣችኋት ብረትስ?»

«ዘጠና» አልኩ እኔ።

«እንግዲህ አንተና ብረቷ እኩል ናችሁ። ና እስቲ በዚህ በር ውጣልኝ።» በራቸው ጠባብ ነው፤ ሙሄዲን ግን በየቀኑ ይገባበታል። ወጣ፣ ተመለሰ። ከድጃ ያቺን ዘጠና ሳንቲ ምላስ አንሥታ በሩ ላይ አጋደመቻት። ከግራም ከቀኝም ግድግዳውን ይዛ አልገባ አለች።

ሙሄዲን ተቀብሎ ራሱ ሞከራት፤ ያው ነው።

«ዓሪፍ የለካው ዙሪያህን ነው» አለች ከድጃ። «ዙሪያህ ዘጠና ስለሆነ አንተ ዘጠና ትሰፋለህ? እናንተስ ሰኞ ዕለት የለካችሁት ምንድን ነበር?»

ገመዱን ከችንካሩ አወረደች። እየሰፋችው ያለውን ሰፌድ ፊታችን ዘረጋች። ሰፌድ የሚሰፋ ሰው ለጠርዙ የሚሆነውን አክርማ ሲቆርጥ ዙሪያውን አይለካም፤ ወርዱን መሀል ለመሀል ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ላይ ትንሽ ጨመር። ይህን እሷ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ገመዱን ሦስት ላይ አጠፈችው፤ ትንሽ ቆንጥራ ቀነሰች። የቀረውን በባሏ ክንድ ላይ አስተኛችው፦ አንድ ክንድ ከሁለት ጣት።

«ዛፋችሁ ይኸው ይሄ ነው» አለች። «ለዚያውም ከሁለት ወገን ብትገቡበት ክንድ የማይሞላም ይበቃል። ዳቦ ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚቆረሰው ያላችሁ ማነው?»

ሙሄዲን ገመዱን አየ፣ ክንዱን አየ፣ ሚስቱን አየ። «ሰኞ ለምን አልነገርሽንም?»

ከድጃ ወደ እኔ ዞረች። «የሞተር ነገር ነው ተብዬ» አለች።

ሐሙስ በጠዋት ወልድያ የሄደችው እሷ ናት። እኔ ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ተከተልኩ። ሰለሞን ገና ሱቁን እየጠረገ ነበር።

«ወንድሜ፣ ይህን ረጅም ምላስህን እንካ» አለችው፣ ባንኮኒው ላይ እየጣለች።

«እትዬ፣ ሰንሰለቱ እኮ ተነክቷል፤ ድንጋይ መትታችሁበታል!»

«አንተ ዘጠና ባትሸጥላቸው ድንጋዩን የት ታገኘው ነበር? ለአንድ ክንድ ዛፍ ሁለት ክንድ ምላስ የሰጠህ አንተ፤ ድንጋዩ የእኛ። ጥፋቱን እኩል እንካፈል፤ አንተ ሞርድ አለህ፣ ሳላት።»

«እነሱ ገመድ ይዘው መጡ እኮ! ከባንኮኒው ወርዶ…»

«ገመድ ይዞ የመጣ ሁሉ የዛፍ ወርድ ይዞ መጣ? ብትጠይቃቸውስ?»

«ጠየቅኳቸው! ሞተሩ ምን ዓይነት ነው ብላቸው ‹ቀይ› አሉኝ!»

ከድጃ ለዚህም ተዘጋጅታ ነበር። ከእቅፏ የነጠላ ጥቅል አውጥታ ፈታችው። ትንሿ ቀይ ሞተር ተጋልጣ ባንኮኒው ላይ ተቀመጠች። «ይኸው፤ ራሷን ጠይቃት» አለችው።

ሰለሞን ሞተሯን አየና ሳቁ አመለጠው። «ወይኔ እትዬ፣ ለዚች ነው እንዴ? ይቺ እኮ ያንን ሁሉ ሰንሰለት በመጎተት ብቻ ትደክማለች፤ ለእንጨቱ ጉልበት አይተርፋትም። ለማገዶ አርባ፣ ቢበዛ አርባ አምስት ሳንቲ ነው የሚመከረው። አጭር ሲሆን አይከብድም፣ ጫፉም ያልፈለጉት ቦታ አይደርስም። ዛፉ ቢወፍር ከሁለት ወገን መግባት ነው።»

«ጎበዝ» አለች ከድጃ። «ይህችን ንግግር ማክሰኞ የት አስቀምጠሃት ነበር?»

እዚያው አርባ አምስቷን ገጥሞ፣ ሰንሰለቷን ወጥሮ፣ ዘይቷን አይቶ ሰጣት። ረጅሟን ወደ ግድግዳዋ መለሳት። ምላስ በምላስ ተለወጠ፤ የለወጠውም ምላስ ነው።

ከዙህር ሶላት በኋላ ዛፉ ጋ ቆምን። በዚህኛው ቀን ሰው አልመጣም፤ ረቡዕ ስቆ ጠግቧል። እትዬ አለሚቱ ብቻ ሊጥ የነካ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ እየጠረጉ ወጡ። ኤሌክትሪኩን ምድጃ የሚያመጣው ሰው ስልክ ደውሎላቸው «እስከ ማታ ቆይ» ብለውታል።

ሙሄዲን አጭሯን ምላስ መጀመሪያ ዛፉ ላይ በቁመቱ አስተኛት፤ በምላሷ ርዝመት ምልክት አደረገ፤ እንደገና አስተኛት፤ ምልክት አደረገ። ለካ አርባ አምስት ሳንቲ ማለት የሙሄዲን ክንድ ነው፤ የምድጃው ልክ! ይህን ሲያይ ጥርሱን አየሁት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። «ቢስሚላህ» ብሎ ሳበ። ቀይዋ ጮኸች፤ አላቃሰተችም። እንጨቱ ውስጥ እንደ ቢላዋ በቅቤ አልገባችም፤ እንደ ሙሄዲን ነው የገባችው፣ ቀስ ብላ፣ ሳታቆም። ከአንድ ወገን ከግማሽ በላይ ገባች። አወጣት። ተሻግሮ ከወዲያ ወገን ጀመረ።  ሁለቱ ቁርጦች ባይገናኙስ? የክንዱ ልክ፣ የገመዱ እጥፍ፣ የከድጃ ሰፌድ ሁሉ ስሕተት ቢሆንስ?

ዱብ! አለ ጉማጁ።

እትዬ አለሚቱ እልል አሉ። ጎንበስ ብለው ጉማጁን በሁለት እጃቸው እያንከባለሉ ወደ ምድጃው ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው። «ልኩ ነው! ልኩ ነው!» እያሉ ተመለሱ። ሳይፈለጥ ምድጃ ውስጥ ከትተውት ኖሯል፤ ማውጣቱ ሌላ ሥራ ሆነብን። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ሁሉ ዛፍ ተጎምዶ ተከምሮ ነበር፤ የሙሄዲን ትከሻም አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያማረረው፣ እሱንም የማስነሻውን ገመድ ሲስብ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጋሽ ዓሪፍ በመኪናቸው እትዬ አለሚቱ ግቢ ድረስ መጡ። ልብሱ ተሰፍቷል፤ ሰማያዊ፣ ወገቡ ዘጠና፣ ደረቱ ላይ ሁለት ኪስ። ፊሽካም በገመድ። ሙሄዲን በእጁ የመጋዝ ብናኝ እንዳለ ቀና ብሎ ሰላምታ ሰጣቸውና «ጋሽ ዓሪፍ፣ አላህ ይስጥልኝ። በሩን ለሌላ ሰው ስጡት፤ እኔ ልክ አውቃለሁ» አለ።

ጋሽ ዓሪፍ ክምሩን አዩ። አጭሯን ምላስ አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ያጡ መስሎኝ ነበር፤ አላጡም።

«እኔስ!» አሉ፣ ወደ እትዬ አለሚቱ ዞረው፣ «እኔስ ድሮም አጭሩ ይሻላል አላልኩም?»

ማንም አላስተባበላቸውም። ደግ ሰው ናቸው ብያችኋለሁ። ልብሱን ሊመልሱ ሲሉ ግን ከድጃ ያዘችው። «በልኩ የተሰፋ ልብስ ወዴት ይመለሳል?»

ስለዚህ ዛሬ ቅዳሜ ሙሄዲን የዘበኛ ልብስ ለብሶ እንጨት ይቆርጣል። ፊሽካዋም ሥራ አገኘች፤ ሞተሯን ከመሳቡ በፊት ሰው እንዲርቅ አንድ ጊዜ ይነፋታል። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ መጀመሪያ ፊሽካ፣ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ «ዱብ!» እሰማለሁ። ማሽኔም ጓደኛዋን መልሳ አግኝታ ተረጋግታለች።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ሲቲ መጣች። ሻይ ይዛ መስሎኝ ነበር።

«ይታገሱ» አለችኝ፣ «ያ ትናንት መጋዙን ሲያይ የቆየ ከግራና መንደር የመጣ ወልዴ የሚሉት ገበሬ የለም? ‹እኔም የወደቀ ዛፍ አለኝ› ሲል አልሰማኸውም? ይኸውልህ መናኸሪያው ላይ ወደ ወልድያ ሊሳፈር ቆሟል።»

«ታዲያ ይሂድ፤ ምን አለበት?»

«ትከሻው ላይ የተጠመጠመ መጫኛ ይዟል።»

መጫኛ! ቋጠሮ ያለበት? «ቋጠሮ አለበት» አለች። ሰለሞን ያቺን ረጅም ምላስ ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቅሏታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ! ሚኒባሱ ጥሩምባውን እየነፋ ነው፤ ከዚህም ይሰማኛል። ኮፒ የምትፈልጉ ቆዩኝ፤ ሱቁን ሲቲ ትይዝልኛለች። ወልዴ! አንተ ወልዴ! ቆይ አትሳፈር! ዙሪያውን ነው ወይስ ወርዱን ነው የለካኸው?